የገመና ዋጋ

ጋዜጣ የምገልጠው ከኋላ ነው። የድሮ ተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ ይስቁብኛል፤ ልቦለድን ከመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምር ተማሪ ሲያጋጥመኝ ክፍሉን በሙሉ ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝና። ግን መቼም ዕድሜ የማያሳየው ጉድ የለም። ሃምሳን የተሻገረ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሙት ዓመት መታሰቢያዎቹን ነው፤ ማን እንደቀደመው ለማወቅ። እነሱን አልፎ ሲሄድ ደግሞ የሐራጅ ማስታወቂያዎችን ያገኛል። እኔም እነዚህን ማንበብ ለመድኩ።

የሐራጅ ማስታወቂያ አጭር ልቦለድ ነው ብላችሁ አታምኑኝ ይሆናል። ሲያዩት ደረቅ ሰንጠረዥ ነው። የተበዳሪው ስም፣ የንብረት አስያዡ ስም፣ ከተማ፣ ቀበሌ፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሐራጁ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ተበዳሪውና አስያዡ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑና የአባት ስማቸው አንድ ከሆነ፣ እህት ለወንድሟ ቤቷን አስይዛለች ማለት ነው። በአንዲት መስመር ውስጥ ሠርግ የተደገሰበት፣ ልጅ ክርስትና የተነሳበት፣ ልቅሶ የተቀመጡበት ቤት አለ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ስገልጥ «ኩየራ» የሚለው ቃል ዓይኔን ያዘው። ኩየራን የምታውቁ ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቁ፣ ከሻሸመኔ በስተሰሜን፣ ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄድ ስትሉ የምታገኟት ትንሽ ከተማ ናት። ሆስፒታሉና የአድቬንቲስት ትምህርት ቤቱ ስሟን አስጠርተውላታል። መንገደኛ ደግሞ በድንቿ ያውቃታል። እኔ ልጅነቴን ያሳለፍኩት እዚያ ነው። ዓይኔን ወደ ስሙ ዓምድ መለስ ባደርግ የማየው ስም የልጅነት ባልንጀራዬ ነው።

ምን አደረግኩ? ጋዜጣውን አጠፍኩት።

አንባቢዬ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ እጥፋት ምክንያት ነው። በጊዜው ግን ጥፋት የሠራሁ አልመሰለኝም። እንዲያውም ጨዋነት የፈጸምኩ መሰለኝ። የሰው ገመና አይቼ እንዳላየሁ መሆኔ ነዋ። ደውዬ ምን እላለሁ? «ቤትህ ሊሸጥ ነው አሉ» ነው የምለው? በሽተኛ መሆኑን አውቃለሁ። ደም ግፊት ግማሽ ጎኑን ይዞት ከአልጋ ከዋለ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁን በቁስሉ ላይ እንጨት ልስደድበት? ዝም አልኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚስቱ ደወለች። «መምህር፣ አንድ ወረቀት እንዲያነቡልኝ ነበር» አለች። በስልክ አንብቢልኝ ብላት፣ «አይ፣ በስልክ አይሆንም፤ ሰውዬው ለማንም እንዳትናገሩ ብሎናል» አለችኝ። በማግስቱ ኩየራ ነበርኩ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ባልንጀራዬ በ2010 ዓ.ም. ቤቱን አስይዞ ከባንክ ተበደረና ድንች የሚጭንበት አይሱዙ ገዛ (ሾፌሮቹ በዚያን ሰሞን «አልቃይዳ» ይሉት የነበረውን ማለቴ ነው)። ሚስቱም ፈረመች። ሁለት ዓመት ሠራ፤ ከፈለ። ከዚያ መንገዱ ሲዘጋ፣ ገበያው ሲታጠፍ፣ ጎማ ሲወደድ ክፍያው እየዘገየ ሄደ። በመጨረሻ እሱ ወደቀ፤ መኪናውም በርካሽ ተሸጦ ለሕክምና ዋለ። ዕዳው ግን አልታመመም፤ ወለዱ ጤናማ ሆኖ አደገ። የባንኩ ደብዳቤዎች ሲመጡ ሚስቱ እየተቀበለች ከፍራሹ ሥር ታስቀምጣቸው ነበር። እሱ በላያቸው ተኝቷል።

ቡና እየቆላች አጫወተችኝ። የሐራጁ ማስታወቂያ በወጣ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው መጣ። ደህና የለበሰ፣ ትሑት። ባልንጀራዬን አልጋው ድረስ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም ያለው። «እንዴት አወቃችሁ?» አልኳት።

«ከጋዜጣው ላይ አይቶ፣ አዝኖ» አለች።

ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ሰውዬው ያነበበው እኔ ያነበብኩትን መስመር ነው። ምናልባትም በዚያው ቀን። እሱ አንብቦ ተነሳ፤ እኔ አንብቤ አጠፍኩ።

ያላት ይህን ነው። ባንኩ ውስጥ ሰው አለው፤ ሐራጁን ያስቆምላቸዋል። ለዚህ 60 ሺህ ብር ተቀብሏል (ሁለት አምባሯንና አንዲት ላሟን ሸጣ ነው የከፈለችው)። ቀጥሎ ደግሞ ዕዳውን ራሱ ለባንክ ይከፍልላቸዋል፤ እነሱ ቀስ ብለው በዓመት ውስጥ ይመልሱለታል። ለመተማመኛ ያህል ብቻ፣ ባልና ሚስቱ ውልና ማስረጃ ቀርበው አንዲት ውክልና ይፈርሙለታል። ገንዘቡን ሲመልሱ ወረቀቱ ይቀደዳል። እንድትነበብ የተፈለገችው ወረቀት የውክልናዋ ረቂቅ ናት።

ሠላሳ ዓመት ግድም ጽሑፍ በማንበብ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። አንዳንዴ ለምን ይጠቅማል ብዬ የተጠራጠርኩበት ሙያ ነው። ያን ቀን ጠቀመ። ረቂቁ ላይ ግሦቹን አንድ በአንድ አሰመርኩባቸው። ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በስጦታ ለማስተላለፍ፣ በመያዣ ለመስጠት፣ ስም ለማዛወር፣ የሽያጩን ገንዘብ ለመቀበል... አሥራ አራት ግሥ ቆጠርኩ። «መመለስ» የሚል ግሥ የለም። ገንዘብ ስለ ማበደርም አንድም ቃል የለም። ሰውዬው በአፉ የተናገረውና በወረቀቱ ያሰፈረው ሁለት የተለያዩ ድርሰቶች ናቸው፤ ሕግ ፊት የሚነበበው ሁለተኛው ነው።

ሒሳቡንም አሰላንላት። ዕዳው ከነወለዱ 1.1 ሚሊዮን ብር ነው። ቤቱ ከነቦታ ይዞታው በአካባቢው ዋጋ 3 ሚሊዮን አያንስም። ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ እንኳ፣ ባንኩ ዕዳውንና ወጪውን ወስዶ የተረፈው የእነሱ ነው። ሰውዬው ግን 1.1 ሚሊዮን ከፍሎ የ3 ሚሊዮን ቤት በውክልናው ለፈለገው ሰው ሊሸጥ ነው። አዳኝ የተባለው ከገዳዩ የባሰ ሆነ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ተጠማዞ ይጻፋል? እዚህ ላይ ትንሽ ሕግ ላስቸግራችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3060፣ ባለዕዳው በቀኑ ካልከፈለ አበዳሪው የተያዘውን ቤት ይውሰደው፣ ወይም ከሕጉ ሥርዓት ውጪ ይሽጠው የሚል ስምምነትን ዋጋ ያሳጣዋል። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የተጨነቀ ሰው ማንኛውንም ወረቀት እንደሚፈርም ያውቁ ነበር። በኋላ በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 97 ወጣና ለባንኮች ልዩ ሥልጣን ሰጠ፤ ክሱ በፍርድ ቤት እየተጓተተ ብድር አልመለስ ብሎ ስላስቸገረ፣ ባንክ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የተያዘለትን ንብረት በራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። እሱም ቢሆን የሐራጁን ሥርዓት ካፋለሰ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ግለሰብ አበዳሪ ግን ይህ ሥልጣን የለውም። በዚያ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች ብድር ላይ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይላል፤ አራጣም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ስለዚህ የልቡን ለመሥራት የሚፈልግ አበዳሪ «ብድር» የሚለውን ቃል ከወረቀቱ ያወጣዋል። «ሽያጭ» ይለዋል፤ ወይም «ውክልና» ይለዋል። 300 ሺህ አበድሮ 500 ሺህ ያጽፋል። ሕጉ ለደካማው የሠራውን አጥር የሚዘልበት መሰላል ይህ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የቤት ብድር ሲናጋ እሱም ቤቱን ተነጠቀ። ይህን የነገረኝ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው! ያኔ ስንደዋወል «ሁሉ ሰላም» ነበር የሚለኝ። ለካስ በዚያው ሰሞን አንድ ሰው ቤቱን አድንልሃለሁ ብሎ፣ በአማርኛ አነጋግሮ፣ ቅድሚያ 3,000 ዶላር ተቀብሎት ተሰውሯል። ከዚህ ሁሉ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ያም ሰውዬ «ከባንኩ ጋር እንዳትነጋገር፤ ለማንም እንዳትናገር፤ ጉዳዩ ይበላሻል» ብሎታል። ኩየራ ላይ የተባለው ቃል በቃል ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ተብሏል። አጭበርባሪዎቹ አንድ ትምህርት ቤት ገብተው አልተማሩም፤ የሚያርሱት መሬት አንድ ስለሆነ ነው። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ እጅግ በመብዛቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ደንብ አወጣና፣ ቤት አድናለሁ የሚል ድርጅት ከአበዳሪው ዘንድ ተበዳሪው የተቀበለው የጽሑፍ ስምምነት ሳያመጣ ክፍያ እንዳይቀበል ከለከለ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እነዚህ ሰዎች የሚነግዱት በምንድን ነው? ገንዘብ ነው እንዳንል፣ ገንዘብማ ባንክም አለው፣ ዘመድም አለው፣ ዕቁብም አለ። ሰውዬው ከሁላችን የበለጠበት አንድ ነገር፣ ስለ ዕዳው ደፍሮ ማናገሩ ነው። ባልንጀራዬ ቤት ገብቶ «ችግራችሁን አውቃለሁ» ያለ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዕድርተኛው አላለም። ወንድሞቿ አላሉም። እኔ አላልኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፍራሽ ሥር የተቀበረ ነገር ነው። አንድ ሰው መጥቶ ጮክ ብሎ ሲጠራው፣ ያ ሰው ቢዋሽ እንኳ መልአክ ይመስላል። «ለማንም እንዳትናገሩ» ማለቱ ደግሞ አዲስ ነገር ማዘዙ አልነበረም፤ ድሮውንም የነበሩበትን ነው ያጸናላቸው።

ተማሪዎቼን የቼኾቭን «የቼሪ አትክልት ቦታ» አስተምራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 መድረክ ላይ የወጣ ተውኔት ነው። ባለርስቶቹ ዕዳ አለባቸው፤ ርስቱ በሐራጅ የሚሸጥበት ቀን ተቆርጧል። ሎፓኺን የሚባል ነጋዴ መፍትሔ ያመጣላቸዋል፤ እነሱ ግን ወሬ ይለውጣሉ። በሐራጁ ዕለት ሙዚቀኛ ጠርተው ይጨፍራሉ። በመጨረሻ ርስቱን የሚገዛው ሎፓኺን ራሱ ነው። እኔ ይህን ሳስተምር «ሰነፎች፣ ከሕይወት የተጣሉ መኳንንት» እል ነበር። ተማሪዎቼም ይህንኑ ፈተና ላይ ጽፈው ማርክ አግኝተውበታል። አሁን ማርኩን ብመልስ ደስ ይለኝ ነበር። ሰዎቹ ሰነፎች ብቻ አልነበሩም፤ አፍረዋል። ሐፍረት ሰውን የሚያስጨፍረው ጊዜ አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤ ፍራሽ ሥር ያስከትታል።

በድሮው የአገራችን ሥርዓት ባለገንዘብና ባለዕዳ ይቆራኙ ነበር። እጅ ከእጅ በሰንሰለት ታስሮ፣ ወይም ኩታ ከኩታ ተቋጥሮ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ወይ ዋስ እስኪገኝ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። «ቁራኛ» የሚለው ቃል ከዚያ ነው የመጣው። ዛሬ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው በሽተኛ ከአልጋው ጋር ተቆራኝቶ ነው። ያ ሥርዓት ይመለስ አልልም፤ ውርደቱ ውርደት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው። ባለዕዳው በአደባባይ ያልፋል፤ የሚያውቀው ሰው ያየዋል፤ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» የሚልም ሊገኝ ይችላል። ሐፍረቱና እርዳታው በአንድ መንገድ ይሄዱ ነበር። ዛሬ ስሙ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አገር ያነበዋል፤ ሁላችንም ግን አይተን እንዳላየን እናልፋለን። ሐፍረቱ በአደባባይ ቀረ፤ ዋሱ ከአደባባይ ጠፋ። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ነው ያ ትሑት ሰውዬ የሚገባው።

እዚህ ላይ የሚቆጣኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። «ታዲያ የሰው ገመና ውስጥ እንግባ? የጎረቤትን ዕዳ እንቁጠር? ፈርሚ ማን አላት? ባንክስ ቢሆን የአስቀማጮችን ገንዘብ አይመልስ?» ይላል። ባንኩን አልከሰስኩም። የተበደሩት ይከፈላል፤ ያልተከፈለ ብድር የሌላ ሰው ቁጠባ ነው። ገመና መሸፈንም ትልቅ ነገር ነው። ስንቱን ትዳር፣ ስንቱን ልጅ አትርፏል። ጥያቄዬ፣ የሸፈንኩት የማንን ነው የሚል ነው። ጋዜጣውን ያጠፍኩ ጊዜ የባልንጀራዬን ገመና ሸፈንኩ ብዬ ነበር። እሱ ግን ከነስሙ፣ ከነካሬ ሜትሩ ታትሟል፤ ምኑን ሸፈንኩለት? የሸፈንኩት የራሴን ጭንቅ ነው። ብደውል «አበድረኝ» ቢለኝስ ብዬ ፈርቻለሁ። ይኸው፣ አሁን ተናገርኩት። ብዙ ጊዜ ይሉኝታ የምንለው ነገር ኪሳችንን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ያን ዕለት ከእኔ የተፈለገው ደግሞ ገንዘብ እንኳ አልነበረም። ግሥ መቁጠር ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ሦስት ቀን እናድራለን። ቤት ሲሞት ግን ማንም አይደርስም፤ ቤቱም ቢሆን «ድረሱልኝ» አይልም። የሻሸመኔ ነጋዴ ጓደኞቼ ይህን ያውቁታል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማብቂያ ላይ በዚያች ከተማ ብዙ ንብረት ሲቃጠል፣ ሱቁ ነደደ እንጂ የባንክ ዕዳው አልነደደም። ያኔ ለተቃጠለው ሱቅ ሁላችንም አለቀስን፤ በሕይወት ስለ ቀረው ዕዳ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የሚደብቀው ግን በሽተኛው ብቻ ነው? ጠያቂ ያጣ በሽተኛ ለማን ይናገር?

በማግስቱ ጠዋት ደብዳቤዎቹን ከፍራሹ ሥር አውጥተን ሻሸመኔ ባንኩ ቅርንጫፍ ሄድን። እሷ በሩ ላይ ቆመች። «ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?» አለች። ሥራ አስኪያጁ የልጃችን ዕድሜ ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጣትና «እናቴ፣ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?» አላት። ያ ውስጥ አለኝ የተባለው «ሰው» በዚያ ቅርንጫፍ አልነበረም። ታሪኩ በተአምር አላለቀም። ብድሩን ማራዘም አልተቻለም። ሐራጁ ግን ለጊዜው ተላልፎ ራሳቸው ገዢ እንዲፈልጉ ተፈቀደላቸው። ቤቱን አንድ የድንች ነጋዴ በደህና ዋጋ ገዛው፤ ዕዳው ተከፈለ፤ በተረፈው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ገዙ። 60 ሺሁ አልተመለሰም። የሰውዬው ስልክ አይነሳም፤ አቤቱታው ፖሊስ ጣቢያ ተቀምጧል።

አዲሱን ቤት ለመጠየቅ ስሄድ ባልንጀራዬ ባልታመመው እጁ እጄን ያዘኝ። ንግግሩ ገና አልተፈታም፤ ቢሆንም ይገባል። «አይተኸው ነበር?» አለኝ። ጋዜጣውን ማለቱ ነው። አዎ አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ እጄን አልለቀቀም፤ እኔም ለመልቀቅ አልሞከርኩም። ሚስቱ ቡና እስክታቀርብ ድረስ እንደዚያ ተቆራኝተን ተቀመጥን።

ዛሬም ጋዜጣ ከኋላ እገልጣለሁ። ባለፈው ወር አብሮኝ ያስተምር የነበረ ሰው ስም አየሁ። ስልኩን ለመፈለግ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ለመደወል ደግሞ ግማሽ ቀን። ሲያነሳው ምን እንደምል ጠፋኝና በቀጥታ ነገርኩት። «ምን አገባህ?» አለና ዘጋው። ሁለት ሰዓት ያህል በራሴ ስናደድ፣ በሱም ስናደድ ቆየሁ። አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ነገ ቤት ነህ?» አለኝ። «አንድ ወረቀት ላሳይህ ነበር።»